ራሱን የሚዳኝ ችሎት፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የሥነ ምግባር ደንብና የሀብት ማሳወቂያ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙ ዳኞች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2023 የሁሉም ስም የሰፈረበትን የሥነ ምግባር ደንብ ይፋ አደረጉ። ከተቋቋመ ከ230 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ፍርድ ቤት ለራሱ ዳኞች የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ዜናው በሰፊው ቢሰራጭም አንዳንዱ አንባቢ ዳኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ሕግ ሳይገዛቸው ይሠሩ እንደነበር፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥፋት የፈጸመ ዳኛ የሚጠየቅበት ሥርዓት እንደተዘረጋ አድርጎ ተረድቶታል። ሁለቱም ግንዛቤዎች ስሕተት ናቸው። ዳኞቹ ሀብታቸውንና የተቀበሉትን ስጦታ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ጥቅማቸው ከሚነካበት ጉዳይ ራሳቸውን እንዲያነሱ የሚያዝ ሕግም ከዚያ በፊት የወጣ ነው። በሌላ በኩል አዲሱ ደንብ፣ ድንጋጌዎቹን የተላለፈ ዳኛ በማን ፊት እንደሚቀርብና ምን እንደሚወሰንበት አንድም አንቀጽ አልያዘም። አከራካሪው ነጥብ እንግዲህ የሕጉ መኖር ሳይሆን የአስፈጻሚው ማንነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ማዕከላዊ ሐሳብም፣ ቅጹን ከሞላው ዳኛ ውጭ የሆነ አካል የመጠየቅ ሥልጣን እስካልተሰጠው ድረስ ሀብት የማሳወቅ ግዴታ ዓላማውን በከፊል ብቻ ያሳካል የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞም የነበሩት ሕጎች

የሀብት ማሳወቂያው ግዴታ የመነጨው ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው የዋተርጌት ቅሌት በኋላ፣ በ1978 ከወጣው የመንግሥት ባለሥልጣናት የሥነ ምግባር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ጨምሮ ማንኛውም የፌዴራል ዳኛ ያለፈውን ዓመት ገቢውን፣ ኢንቨስትመንቱን፣ ዕዳውን፣ የተቀበለውን ስጦታና ሌላ ወገን የከፈለለትን የጉዞ ወጪ እስከ ሜይ 15 ድረስ በቅጽ ሞልቶ ያቀርባል፤ ከጠየቀም እስከ 90 ቀን የሚደርስ የማራዘሚያ ጊዜ ያገኛል።

የቅጹ አሠራር በቅርበት ሲታይ ምን እንደሚገልጥና ምን እንደሚሸፍን ግልጽ ይሆናል። ዳኛው የንብረቱን ትክክለኛ ዋጋ እንዲጽፍ አይጠየቅም፤ የዋጋ ክልልን የሚያመለክት ፊደል ብቻ ያሰፍራል። ከ15,000 ዶላር የማይበልጥ ንብረት በአንድ ፊደል፣ ከ15,001 እስከ 50,000 ዶላር ያለው በሌላ ፊደል ይመዘገባል፤ ክልሎቹ እየሰፉ ሄደው አንዱ ፊደል ከ1 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ያለውን ሁሉ ያካትታል። ስለዚህ የ1.1 ሚሊዮንና የ4.9 ሚሊዮን ዶላር ንብረት በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። ዳኛው የሚኖርበት ቤት ኪራይ ካላስገኘ በስተቀር ጨርሶ አይመዘገብም። ይህ አሠራር የዳኛውን ገመና ከመጠን በላይ ላለመግለጥ የታሰበ በመሆኑ በራሱ ነቀፌታ የሚገባው አይደለም፤ ዓላማው የጥቅም ግጭት የሚገኝበትን አቅጣጫ ማሳየት እንጂ የዳኛውን ሀብት እስከ ሳንቲም መቁጠር አይደለምና። ሆኖም አቅጣጫው የሚታየው እያንዳንዱ ሣጥን ሲሞላ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ዳኛ ከችሎት የሚነሳባቸውን ምክንያቶች የሚዘረዝረው ሲሆን፣ በ1974 የተሻሻለው ይህ ድንጋጌ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች በስም ጠቅሶ ይገዛል። አንድ ዳኛ ገለልተኛነቱ በምክንያታዊ ሰው ዓይን አጠያያቂ ሲሆን፣ እንዲሁም እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በተከራካሪው ኩባንያ ውስጥ የቱንም ያህል ጥቂት አክሲዮን ሲኖራቸው ከጉዳዩ መነሳት አለበት። በታችኛው እርከን የሚያገለግሉ የፌዴራል ዳኞች ከ1973 ጀምሮ የራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው፤ በ1980 የወጣ ሕግ ደግሞ ማንኛውም ሰው በእነዚህ ዳኞች ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብና ሌሎች ዳኞች አቤቱታውን እንዲመረምሩ ፈቅዷል። ከዚህ የአቤቱታ ሥርዓት ውጭ የቀሩት ዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ብቻ ናቸው።

የ2023 ቀውስ

ጉዳዩን ያፈነዳው ፕሮፐብሊካ የተሰኘው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም በኤፕሪል 2023 ያወጣው ዘገባ ነበር። በዘገባው መሠረት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የቴክሳሱ የሪል እስቴት ባለሀብት ሃርላን ክሮው ባዘጋጁላቸው የግል አውሮፕላንና የቅንጦት ጀልባ ጉዞዎች ተሳትፈዋል፤ በ2019 ወደ ኢንዶኔዥያ የተደረገው ጉዞ ለብቻው በራሳቸው ወጪ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያስወጣቸው ይችል እንደነበር ተገምቷል። ከእነዚህ ጉዞዎች አብዛኞቹ በዓመታዊ ቅጾቻቸው ላይ አልሰፈሩም። በተከታታይ በወጡት ዘገባዎች፣ የባለሀብቱ ኩባንያ የዳኛው እናት የሚኖሩበትን በሳቫና ከተማ የሚገኝ ቤትና አጠገቡ ያሉትን ቦታዎች በ2014 በ133,363 ዶላር እንደገዛና ሽያጩ እንዳልተገለጠ፣ ዳኛው ያሳደጓቸው አንድ የቤተሰብ አባል የተማሩበትን የግል ትምህርት ቤት ክፍያም እኚሁ ባለሀብት እንደሸፈኑ ታወቀ። ዳኛ ቶማስ የቅርብ ወዳጅ የሚያደርገው መስተንግዶ መገለጽ እንደማያስፈልገው ከባልደረቦቻቸውና ከሌሎች ምክር አግኝተው እንደነበር ሲያስረዱ፣ ክሮው በበኩላቸው በዳኛው ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር ፈጽሞ እንዳልሞከሩ ገልጸዋል።

በሁለቱ ሰዎች መካከል እውነተኛ ወዳጅነት መኖሩን መጠራጠር አያስፈልግም፤ ወዳጅነቱ ዳኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ከተቀላቀሉ በኋላ የተመሠረተ መሆኑ ግን ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው። ከዚህም በላይ ትኩረት የሚሻው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ዳኛው የሚቀበሏቸውን ስጦታዎች አስመልክቶ በ2004 ሰፊ ዘገባ አውጥቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጋዜጣው መረጃውን ያገኘው ከዳኛው ከራሳቸው ቅጾች ነበር። ከዘገባው በኋላ ግን እንዲህ ያሉት የአውሮፕላን ጉዞዎች ከቅጾቹ ላይ ጠፉ። ግዴታውን በቅንነት የሞላ ሰው በሕዝብ ፊት ሲወቀስ፣ ሣጥኑን ባዶ የተወው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሲቀር፣ ሥርዓቱ ለዝምታ ዋጋ መክፈል ይጀምራል።

ከዳኛ ቶማስ ቀጥሎ ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በ2008 በሄጅ ፈንድ ባለሀብቱ ፖል ሲንገር የግል አውሮፕላን ወደ አላስካ ለዓሣ ማጥመድ መሄዳቸው ተዘገበ። የባለሀብቱ ኩባንያ ከአርጀንቲና መንግሥት ጋር የነበረው የዕዳ ክርክር በ2014 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 1 ለኩባንያው ሲወሰን ዳኛ አሊቶ ከአብላጫው ጋር ድምፅ ሰጥተዋል። ዳኛው ዘገባው ገና ሳይወጣ በዎል ስትሪት ጆርናል ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ባለሀብቱ ከጉዳዩ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዳላወቁና በአውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጡበት ወንበር እርሳቸው ባይቀመጡበት ባዶ ይሄድ እንደነበር ተከራክረዋል። የዳኛ ኒል ጎርሰች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በኮሎራዶ ከሌሎች ጋር በጋራ የነበራቸው ለሁለት ዓመት ያህል ገዢ ያጣ ይዞታ ሹመታቸው በጸደቀ በ9ኛው ቀን ገዢ አገኘ፤ ገዢው በፍርድ ቤቱ ፊት በተደጋጋሚ የሚከራከር ትልቅ የሕግ ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ዳኛው ከሽያጩ ያገኙትን ገቢ በሚመለከተው ፊደል ሲያስመዘግቡ የገዢውን ማንነት የሚጠይቀውን ሣጥን ግን ባዶ ተዉት።

ችግሩ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አሶሺየትድ ፕሬስ በጁላይ 2023 እንደዘገበው፣ የዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ዳኛዋ ንግግር የሚያደርጉባቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ መጻሕፍት የዳኛዋን መጻሕፍት በብዛት እንዲገዙ ይጎተጉቱ ነበር። ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በ2023 ዓመታዊ ቅጻቸው ላይ ከመጽሐፋቸው አሳታሚ 893,750 ዶላር፣ እንዲሁም ከድምፃዊቷ ቢዮንሴ 3,711.84 ዶላር የሚያወጡ የሙዚቃ ዝግጅት ትኬቶች መቀበላቸውን አስፍረዋል። ልዩነቱ የኋለኞቹ ገንዘቦች መመዝገባቸው ነው። በ2024 የአንድ ዳኛ ዓመታዊ ደመወዝ 298,500 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ዳኞች በማስተማር የሚያገኙት ገቢ በ30,000 ዶላር አካባቢ ሲገደብ ከመጽሐፍ የሚገኘው ግን ወሰን የለውም። በዚሁ ፍርድ ቤት ለአንድ ዓመት በረዳትነት ያገለገለ ወጣት ጠበቃ ወደ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች ሲቀጠር ከአለቃው የዓመት ደመወዝ የሚበልጥ የመግቢያ ጉርሻ እንደሚያገኝ ሲታወስ፣ ዳኞቹ በዙሪያቸው ካለው ሀብታም ማኅበረሰብ ጋር ሲነጻጸሩ በምን ዓይነት ሁኔታ ውስጥ እንደሚኖሩ ግልጽ ይሆናል። ይህ ስጦታ መቀበልን ትክክል ባያደርገውም ፈተናው ከየት እንደሚመጣ ያስረዳል።

የመስተንግዶው ቀዳዳ

ለክርክሩ የቴክኒክ መሠረት የሆነው የ1978ቱ ሕግ «ግላዊ መስተንግዶ» ብሎ ከማሳወቅ ግዴታ ውጭ ያደረገው ነገር ነው። ሕግ አውጪው ይህን ልዩ ሁኔታ ያስቀመጠው አንድ ዳኛ በወዳጁ ቤት እራት ስለበላ ወይም አንድ ሌሊት ስላደረ ቅጽ እንዲሞላ ማስገደድ ተገቢ ስለማይሆን ነበር፤ የሕጉ ቃልም ምግብን፣ ማደሪያንና መዝናኛን ብቻ ይጠቅሳል። መጓጓዣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ለዓመታት በልማድ በተሰጠው ሰፊ ትርጉም፣ ወደ ወዳጅ ቤት የሚወስደው አውሮፕላን እንደ መስተንግዶው አካል ሲቆጠር ኖሯል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አስተዳደር የሚመራው የፌዴራል ዳኝነት ጉባኤ፣ ማለትም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመራው የከፍተኛ ዳኞች ስብስብ፣ በማርች 2023 ባወጣው ማብራሪያ በግል አውሮፕላን መጓዝና በንግድ ማረፊያ በነጻ ማደር ከግላዊ መስተንግዶ ውጭ መሆናቸውን ደነገገ። ማብራሪያው የወጣው ከፕሮፐብሊካ ዘገባ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ነው። በዚህም ምክንያት ያለፈው ዘመን አሠራር ጥሰት ነበር ወይስ የሕግ አሻሚነት ውጤት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሁለት መልስ ይሰጠዋል። የቤት ሽያጩ ግን ከዚህ አሻሚነት ውጭ ነው፤ ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የይዞታ ግብይት መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ በግልጽ ስለሚያዝ፣ ዳኛ ቶማስም በኋላ ቅጻቸውን አስተካክለው ሽያጩን አካተውታል።

ፍርድ ቤቱ ራሱ ስለ ስጦታና ሙስና የሚሰጠው ፍርድ ለጉዳዩ ሌላ ክብደት ይጨምርለታል። በጁን 2024 በኢንዲያና ግዛት የአንድ ከተማ የቀድሞ ከንቲባን በተመለከተ በ6 ለ 3 በተሰጠ ውሳኔ፣ አንድ የግዛት ወይም የከተማ ባለሥልጣን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚቀበለው የምስጋና ክፍያ በክሱ በተጠቀሰው የፌዴራል የጉቦ ሕግ እንደማያስቀጣ ተወስኗል። ከንቲባው የተቀበሉት 13,000 ዶላር ነበር። የሕጉ ትርጉም በራሱ ሊያከራክር የሚችል ቢሆንም፣ ትርጉሙን የሰጡት ዳኞች በዚያው ወቅት ስለ ራሳቸው ስጦታ የሚጠየቁ መሆናቸው ውሳኔው የሚገባውን ያህል እምነት እንዳያገኝ አድርጎታል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ተቋም በ2022 ባደረገው ጥናት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላይ ከፍተኛ እምነት እንዳላቸው የተናገሩት አሜሪካውያን 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ የተካሄደው የውርጃ መብትን የሚሽረው ውሳኔ ረቂቅ ሾልኮ ከወጣ በኋላ በመሆኑ ዝቅተኛውን ውጤት ሁሉ በሥነ ምግባር ጉድለት ማሳበብ አይቻልም፤ ጦር ሠራዊት የሌለው፣ ውሳኔው የሚከበረው በሌሎች ፈቃደኝነት ብቻ የሆነ ተቋም ግን እንዲህ ያለውን መሸርሸር በቸልታ ሊያየው አይገባም።

የደንቡ ይዘትና ጉድለት

የኖቬምበር 2023ቱ ደንብ አምስት ዋና ዋና መርሖችን የያዘ ሲሆን፣ በአብዛኛው የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ዳኞች ከሚገዙበት ደንብ የተወሰደ ነው። ዳኞቹ በመግቢያው ላይ እንዳሰፈሩት ደንቡ አዲስ ግዴታ የሚፈጥር ሳይሆን ቀድሞም ይመሩባቸው የነበሩትን መርሖች በአንድ ላይ የሚያሰባስብ ነው፤ ያወጡትም ሕዝቡ ከማንኛውም ደንብ ነጻ የሆኑ እንዳይመስለው ነው። ይህ አገላለጽ ራሱ ስለ ደንቡ ብዙ ይናገራል፤ ችግሩን በአሠራር ሳይሆን በሕዝብ ግንዛቤ ላይ ያስቀምጠዋልና። ድንጋጌዎቹ በአመዛኙ «ማድረግ ይገባዋል» በሚል የምክር አነጋገር የተጻፉ ሲሆኑ፣ አቤቱታ የሚቀበል አካል፣ የምርመራ ሥርዓትም ሆነ ቅጣት የለም። አንድ ዳኛ ከጉዳይ ሲነሳ ወይም አልነሳም ሲል ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታም አልተጣለበትም።

ይሁንና ደንቡን ከንቱ ወረቀት ብሎ መጣል ተገቢ አይሆንም። የተጻፈ መለኪያ መኖሩ ተቺው ስሜቱን ሳይሆን አንቀጽ ጠቅሶ እንዲናገር ያስችለዋል፤ ዳኛውንም ቢያንስ በራሱ ፊርማ ይይዘዋል። ዳኛ ኤሌና ኬገንና ዳኛ ጃክሰንን የመሳሰሉ ዳኞች ከጉዳይ ሲነሱ ምክንያታቸውን በአንድ መስመር የሚገልጹ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን በአብዛኛው በዝምታ ይነሳሉ። በአንድ ፍርድ ቤት ውስጥ ሁለት ልማድ መኖሩ ደንቡ አማራጭ መመሪያ ሆኖ መቅረቱን ያሳያል።

ከችሎት መነሳት የሚያስከፍለው ዋጋ

የዳኞቹ መከራከሪያ ጠንካራ የሚሆነው ከችሎት መነሳትን በሚመለከተው ክፍል ነው። በታችኛው ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ሲነሳ ሌላ ዳኛ ይተካዋል፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ተተኪ የለም። ጉዳይ ለመቀበል የአራት ዳኞች ድምፅ፣ የሥር ፍርድ ቤትን ፍርድ ለመሻር ደግሞ ዘጠኙ በሙሉ ከተቀመጡ የአምስት ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ የአንድ ዳኛ መነሳት በተግባር በይግባኝ ባዩ ላይ ድምፅ እንደመስጠት ሊቆጠር ይችላል። በሜይ 2025 በኦክላሆማ ሊከፈት በታሰበ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ጉዳይ ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ምክንያታቸውን ሳይገልጹ በመነሳታቸው የቀሩት ስምንት ዳኞች አራት ለአራት ተከፈሉ፤ በውጤቱም የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያለ ምንም የሕግ ትንተና ጸና። በዚያው ወር ደራሲ ታ-ነሂሲ ኮትስንና አሳታሚዎችን በተመለከተ የቀረበ የቅጂ መብት አቤቱታ ላይ አምስት ዳኞች በአንድ ጊዜ ተነሱ፤ ከእነዚህ አራቱ መጽሐፋቸው በዚያው የአሳታሚ ድርጅት ቤተሰብ ሥር የታተመ ወይም ሊታተም የተዘጋጀ ነበር። ለምልዓተ ጉባኤ ስድስት ዳኞች ስለሚያስፈልጉ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ማየት አልቻለምና የሥር ፍርዱ ጸና።

ሁለተኛው ምሳሌ ግን በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነው። ለመነሳት ጥብቅ መሆን ችሎቱን እንደሚያሽመደምድ ማሳየቱ እውነት ቢሆንም፣ ችሎቱን ያሽመደመደው ዳኞቹ በፈቃዳቸው ከአንድ ኩባንያ ጋር የገቡት የገንዘብ ውል እንደሆነም ያሳያል። በሕጉ መሠረት አክሲዮን ያለው ዳኛ አክሲዮኑን ሸጦ በችሎቱ መቀመጥ ይችላል፤ በርካታ ዳኞችም የግል አክሲዮናቸውን ሸጠው ገንዘባቸውን በጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ማስቀመጣቸው ግጭቱን ቀንሶታል። በመጽሐፍ ውልና በባለሀብት ስጦታ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ቢደረግ፣ ማለትም ግጭቱ ከችሎት ሳይሆን ከምንጩ ቢወገድ፣ የመነሳት ጥያቄው ራሱ በእጅጉ ይቀንስ ነበር። የተተኪ አለመኖር ክርክር ዳኞች ስጦታ ከመቀበል እንዲታቀቡ የሚያሳስብ ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ከመነሳት ነጻ የሚያወጣቸው ምክንያት አይደለም።

ለመነሳት ወይም ላለመነሳት የሚወስነው ዳኛው ራሱ ብቻ መሆኑ የበለጠ ከባድ ችግር ነው። በ2004 ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ከምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ጋር የዳክዬ አደን ሄደው ከተመለሱ በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ከሚመለከት ጉዳይ እንዲነሱ ሲጠየቁ፣ ጥያቄውን ውድቅ ያደረጉት ራሳቸው ሲሆኑ ምክንያታቸውን 21 ገጽ በፈጀ ጽሑፍ አስረድተዋል። በ2024 ዳኛ አሊቶ በቤታቸው ከተሰቀሉ ባንዲራዎች ጋር በተያያዘ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በደብዳቤ አልነሳም ብለዋል። ማንም ሰው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ አይሆንም የሚለው መርሕ በየትኛውም ሥርዓት የሚታወቅ የፍትሕ መሠረት ሆኖ ሳለ፣ በአገሪቱ ከፍተኛው ችሎት ግን ልዩ ሁኔታ ሆኖለታል።

ማን ይቆጣጠር?

ለዚህ ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው መልስ በምክር ቤት መክሰስና ከሥልጣን ማንሳት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፤ ሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈርዳል። በዚህ መንገድ የተከሰሱት ብቸኛ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሙኤል ቼዝ ሲሆኑ በ1805 ነጻ ወጥተዋል። የክስ ሥጋት ብቻውን ውጤት ያስገኘበት ጊዜ ግን ነበር፤ በ1969 ዳኛ ኤብ ፎርታስ በወንጀል ምርመራ ላይ ከነበረ የአንድ ባለሀብት ድርጅት በየዓመቱ 20,000 ዶላር ለመቀበል መዋዋላቸው ላይፍ በተባለው መጽሔት ሲገለጥ፣ ገንዘቡን ቀድመው የመለሱ ቢሆንም ከሥራቸው ለቀቁ። ያ የሆነው በሁለቱም ፓርቲዎች ያሉ ሰዎች ስለጠየቋቸው ነው። በአሁኑ የፓርቲ አሰላለፍ በሴኔቱ 67 ድምፅ ማግኘት የማይታሰብ በመሆኑ፣ በጁላይ 2024 በዳኛ ቶማስና በዳኛ አሊቶ ላይ የቀረበው የክስ ሐሳብ አንድም እርምጃ አልተራመደም።

ሁለተኛው አማራጭ ኮንግረሱ በሕግ የቁጥጥር አካል እንዲያቋቁም ነው። በሴናተር ሼልደን ዋይትሃውስ የቀረበው ረቂቅ፣ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ከሚገኙ ዋና ዳኞች በዕጣ የተውጣጣ ቡድን አቤቱታዎችን እንዲመረምር፣ የመነሳት ጥያቄንም ከተጠየቀው ዳኛ ውጭ ያሉት እንዲወስኑ የሚያደርግ ሲሆን፣ በጁላይ 2023 ከሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ 11 ለ 10 አልፎ በዚያው ቀረ። ዳኛ አሊቶ ኮንግረሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የመቆጣጠር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አልተሰጠውም ብለው በይፋ ተናግረዋል። መከራከሪያው ፍርድ ቤቱ በቀጥታ በሕገ መንግሥቱ መቋቋሙን፣ ሌሎቹ ግን በኮንግረሱ የተቋቋሙ መሆናቸውን መነሻ ያደርጋል። ሆኖም የዳኞቹን ቁጥር፣ የምልዓተ ጉባኤውን ልክና በጀቱን የሚወስነው ኮንግረሱ ነው፤ የ1978ቱንና የመነሳት ሕጉንም ዳኞቹ ለአሥርት ዓመታት ሲያከብሩ ኖረዋል። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በ2011 ዓመታዊ ሪፖርታቸው ኮንግረሱ እንዲህ ያለ ግዴታ የመጣል ሥልጣን ይኑረው አይኑረው ፍርድ ቤቱ ወስኖ እንደማያውቅ በመግለጽ ጥያቄውን ክፍት ትተውታል። ሕጉ ቢወጣ እንኳ ሕገ መንግሥታዊነቱን በመጨረሻ የሚወስኑት ሕጉ የሚቆጣጠራቸው ዳኞች መሆናቸው መውጫ የሌለው አዙሪት ይፈጥራል።

ያለው ሕግ ምን ያህል እንደሚሠራ የተፈተነው በ2025 መባቻ ነው። የ1978ቱ ሕግ፣ ሆን ብሎ ያላሳወቀ ሰው እንዳለ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር የዳኝነት ጉባኤው ጉዳዩን ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ እንዲመራ ያዛል። ሴናተሮች ዳኛ ቶማስን በሚመለከት ይህ እንዲደረግ ቢጠይቁም፣ ጉባኤው በጃንዋሪ 2025 ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ፤ ዳኛው ቅጾቻቸውን ማስተካከላቸውንና ወደፊት አዲሱን መመሪያ ለመከተል መስማማታቸውን ከጠቀሰ በኋላ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛን ለዓቃቤ ሕግ የመምራት ሥልጣን ያለው መሆኑ ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ገለጸ። ለ47 ዓመታት በሕግ መጽሐፍ የኖረው የማስፈጸሚያ መንገድ በእርግጥ ሲያስፈልግ አስፈጻሚው አካል ሥልጣኑን ተጠራጠረ። ከዚህ ሁሉ ሂደት ከባዱ ውጤት ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጣዩ ሂደት

ከ2025 ጀምሮ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካን ፓርቲ እጅ በመሆናቸው በቅርብ ጊዜ አስገዳጅ ሕግ ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ፕሬዚዳንት ባይደን በጁላይ 2024 ያቀረቡት የ18 ዓመት የሥራ ዘመን ገደብና የአስገዳጅ ደንብ ሐሳብም ከዚሁ የተነሳ ተዳፍኗል። ይበልጥ ሊሆን የሚችለው፣ ቅጾቹ ከበፊቱ በተሻለ ጥንቃቄ እየተሞሉ፣ ማስፈጸሙም በጋዜጠኞች ላይ ወድቆ የሚቀጥልበት ሁኔታ ነው። ፕሮፐብሊካ ለእነዚህ ዘገባዎች የ2024ን የፑሊትዘር የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ማግኘቱ ተገቢ ቢሆንም፣ የአንድ አገር ከፍተኛ ችሎት ተጠያቂነት በጥቂት የዜና ተቋማት የገንዘብ አቅም ላይ መንጠልጠሉ አስተማማኝ አይደለም።

ጫና ከውስጥም ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል የሕንድ ልምድ ያሳያል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሀብታቸውን ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ለማሳወቅ በ1997 ተስማምተው ነበር፤ በማርች 2025 በአንድ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ መኖሪያ ግቢ እሳት ተነስቶ የተቃጠለ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ መባሉ ታላቅ መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ ግን ዳኞቹ ዝርዝሩ ለሕዝብ እንዲገለጥ ወስነው በሜይ 2025 የ21 ዳኞችን ሀብት በድረ ገጻቸው አወጡ። ሕግ አውጪው አላስገደዳቸውም።

በአሜሪካም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ያቀረቡት ከዘጠኙ ዳኞች አንዷ ናቸው። ዳኛ ኤሌና ኬገን በጁላይ 2024 ባደረጉት ንግግር፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ልምድና ከበሬታ ያላቸው የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኞችን ያቀፈ ኮሚቴ ቢሰይሙና ኮሚቴው አቤቱታዎችን ቢመረምር ደንቡ ጥርስ ይኖረዋል ብለዋል፤ ዳኛ ጃክሰንም አስገዳጅ ደንብን እንደማይቃወሙ ገልጸዋል። ሐሳቡ ችግር የለበትም ማለት አይቻልም። የሥር ዳኞች ፍርዳቸውን የሚሽሩትን የበላዮቻቸውን እንዲመረምሩ ማድረግ የማዕረግ ተዋረዱን ያዛባል፤ የተሸናፊ ወገን የአቤቱታ ጎርፍም አይቀሬ ነው፤ በ1980ው ሕግ መሠረት በታችኞቹ ዳኞች ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ አቤቱታ ሲቀርብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውድቅ ይሆናሉ። ይሁንና ይህ አኃዝ በሌላ በኩል ሲታይ የምርመራ ሥርዓት መኖሩ ዳኞችን ለማጥቂያ እንዳላጋለጠ ያረጋግጣል። መሠረተ ቢስ አቤቱታን ውድቅ የሚያደርግ አካል ለንጹሕ ዳኛ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል፤ አሁን ስሙ በጋዜጣ የተነሳ ዳኛ ከወቀሳው ነጻ የሚያወጣው ማንም የለምና። በዚህ ጸሐፊ ግምት የኮሚቴውን ሥልጣን ቅጾችን በመመርመርና የመነሳት ጥያቄ ላይ ምክንያቱ የተጻፈ አስተያየት በመስጠት ላይ ብቻ መወሰኑ፣ ሕገ መንግሥታዊውን ክርክር ሳይነካ ትልቁን ጉድለት ሊሞላ ይችላል።

ይህ የኮንግረስ ድምፅ አይጠይቅም። የዳኝነት ጉባኤውን የሚመሩት ፕሬዚዳንት ሮበርትስ እንዲህ ያለውን ኮሚቴ ለመሰየም የሚያስፈልጋቸው የባልደረቦቻቸው ስምምነት ነው። በ2024 መጨረሻ ያወጡት ዓመታዊ ሪፖርት በዳኞች ላይ ስለሚቃጣ ጥቃት፣ ማስፈራሪያ፣ የሐሰት መረጃና ፍርድ አላከብርም ስለሚሉ ባለሥልጣናት በስፋት ሲያትት፣ የደንቡን አፈጻጸም በሚመለከት ምንም አላለም።